የአይሮፕላንን ጢስ ከሩቅ ስለ መመዘን

ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት አልፎ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ቆቦ ሲደርስ፥ በቀኙ የዞብልን ተራራ፥ በግራውም ወደ ላስታ የሚያወጣውን የደጋ ግንብ አድርጎ በሰፊ ሜዳ መካከል ይገኛል። ሜዳው ከባሕር ጠረፍ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ከተራራው የሚወርዱት እነሆርማትና ጎሊና ደለላቸውን እያመጡ ያለብሱታልና ማሽላውና ጤፉ ዝናም በጊዜው ከመጣ ዘሩን አብዝቶ ይመልሳል። በበጋ ማለዳ ነፋስ ገና ሳይነሣ የማጀቱ ጢስና የመንገዱ አቧራ በሁለቱ ተራሮች መካከል ዝቅ ብሎ ተኝቶ ይታያል። ፀሐይ ሲሞቅ ይነሣል፤ ወዴት እንደ ሄደ ግን ማንም አይጠይቅም።

በዚህ ሜዳ ላይ የሚያርስ ገበሬ ቀና ቢል አንዳንድ ቀን በሰማይ ከፍታ የሚያልፍ አይሮፕላን ያያል፤ በስተ ኋላውም ነጭ መስመር ሲቀር ይመለከታል። ብዙ ሰው ያንን ነጭ መስመር ጢስ ይመስለዋል። ነገር ግን አብዛኛው ከሞተሩ የወጣ የውሃ እንፋሎት በላይኛው ብርድ ረግቶ በረዶ የሆነው ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ሌላው ነገር፥ ማለት ካርቦን ሞኖክሳይድ፥ የናይትሮጂን ኦክሳይድ ወገኖች፥ ሳይቃጠል ያመለጠ ነዳጅና እጅግ የደቀቀ ጥላሸት፥ ለዓይን የማይታይ ወይም በጭንቅ የሚታይ ነው፤ ይህም ሁሉ ሰውን የሚነካው አይሮፕላኑ በሰማይ ሳለ ሳይሆን በምድር ሳለ፥ ሲያርፍ፥ ሲጠብቅና ሲነሣ ነው። ስለዚህ የዚህ ነገር ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የአይሮፕላን ማረፊያዎች ጥያቄ ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄውን ከቦሌ ሳይሆን ከቆቦ መጀመር የሚገባበት ምክንያት አለ። አይሮፕላን በአየር ውስጥ የሚተወውን ነገር ማን ይመዝነዋል? ያልተመዘነስ እንደ ሆነ ምን ይከተላል? ለሚለው ጥያቄ የራያ አገር መልሱን በሥጋው የተቀበለ አገር ነውና።

በ1928 ዓ.ም. መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በፊትና በኋላ፥ ከቆቦ በስተ ሰሜን ባለው በቆረምና በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ የኢጣልያ አይሮፕላኖች ኢፔሪት የተባለውን ቆዳና ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ጣሉ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በተናገሩት ቃል፥ አይሮፕላኖቹ ዘጠኝ፥ አሥራ አምስትና አሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው በመርጫ መሣሪያ መርዙን እንደ ደቃቅ ዝናም በሰው፥ በከብት፥ በወንዝና በግጦሽ ላይ ያወርዱ እንደ ነበረ አስታውቀዋል። የዓለም ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ የነበረው የስዊስ ሐኪም ማርሴል ዡኖም በቆረም የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቶ ያየውን ጽፏል። ይህ የመርዝ ጢስ በጦርነት እንዳይሠራበት የሚከለክለው ውል በጄኔቭ በ1917 ዓ.ም. ሰኔ 10 ቀን የተፈረመ ሲሆን፥ ኢጣልያ ራሷ ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለዛሬው አሳብ ዋና ነው። ነገሩ በይፋ ተካደ። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ኢጣልያዊ የታሪክ ጸሐፊ ከቤተ መዛግብቱ የቴሌግራሙን ትእዛዝ እያወጣ ብዙ ዓመት ሲከራከር፥ በዚያ ጦርነት መኮንን የነበረው ታላቁ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ጋዝ አልነበረም እያለ ይመልስለት ነበር። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ነገሩን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ማለት ከስልሳ ዓመት በኋላ ነው፤ ሞንታኔሊም ሰነዱ ከወጣ በኋላ መሳሳቱን ተናገረ። በቆረም አየር ውስጥ የነበረውን መርዝ በሰዓቱ መዝኖ ቁጥሩን የጻፈ መሣሪያ አልነበረም። የነበረው የቆሰለ ገላና የምስክር ቃል ነው። ገላው ተቀበረ፤ ቃሉም እንደ ወሬ ተቆጠረ።

በጦርነት የሚረጨውን መርዝና በሰላም የሚመላለሰውን የመንገደኛ አይሮፕላን ጢስ አንድ አድርጎ መቁጠር ፍርድ ማጓደል ነው፤ ይህም እንዲታሰብ አይፈለግም። የሁለቱ ዝምድና በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በአየር ውስጥ ያለፈ ነገር ከአንድ ሰዓት በኋላ ምልክቱ የማይገኝ ስለ ሆነ፥ በሰዓቱ ካልተመዘነ በኋላ ሊመዘን አለመቻሉ ነው። ወንዝ ቢበከል ጭቃው ይመሰክራል፤ መሬት ቢበከል አፈሩ ይመረመራል፤ አየር ግን ይነፍሳል።

ይኸው የራያ ሜዳ በኋላም ዘመን ሌሎች አይሮፕላኖች አይቷል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ሔርኩለስ የተባሉት የእንግሊዝ አየር ኃይል የጭነት አይሮፕላኖች እህል ይዘው ወደ አላማጣ ይመላለሱ ነበር። ያን ጊዜ ከአራቱ ሞተር የሚወጣውን ጢስ ለመመዘን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ማሰብም አይገባም ነበር። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የበረሃ አንበጣ ከምሥራቅ በኩል መጥቶ የራያን ማሽላና ጤፍ በደረሰበት ወቅት ሲበላው፥ መንግሥት በአይሮፕላን መድኃኒት አስረጨ። በአገራችን ለዚሁ ሥራ ማላታዮንና ክሎርፒሪፎስ የተባሉት መድኃኒቶች ውለዋል። አንበጣውን መከላከል ግዴታ ነበረ፤ ይሁን እንጂ ንብ የሚያረባው ሰው ነፋሱ መድኃኒቱን እስከ የት ወሰደው ብሎ መጠየቁ የሚገባ ነበር፤ ይህን ጥያቄ በቁጥር የሚመልስለት ሰው ግን ማግኘቱ ያጠራጥራል።

እንግዲህ ከሩቅ መመዘን ማለት ምንድር ነው? ነገሩ በስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንግዳ ሊሆን አይገባም። የባሕረ ሐሳብ መምህር ጨረቃን በእጁ ሳይነካ፥ ወደ እርሷም ሳይወጣ፥ አበቅቴና መጥቅዕን ደምሮ ሠላሳ እያደረገ ዕድሜዋን ያውቃል፤ ከዚያም ተነሥቶ የትንሣኤን ቀን ለብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ ይናገራል። የሚመዘነው ነገር ራቀ ማለት አይመዘንም ማለት አለመሆኑን ይህ ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ሲያሳይ ኖሯል።

በአይሮፕላኑም ነገር ዘዴው በብርሃን ላይ የተመሠረተ ነው። የጋለ ብረት ብርሃን እንደሚሰጥ ሁሉ ከሞተር የሚወጣ ትኩስ ጢስም ብርሃን ይሰጣል፤ ይህ ብርሃን ግን ከቀይ በታች ያለ፥ ዓይን የማያየው፥ ኢንፍራሬድ የሚባለው ወገን ነው። እያንዳንዱ የጋዝ ዓይነት በዚህ ብርሃን ውስጥ የራሱ የሆነ መስመር አለው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ መስመር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መስመር ጋር አይምታታም፤ ልክ የአንድ ሰው የእጅ ጽሕፈት ከሌላው እንደሚለይ ማለት ነው። ስለዚህ መነጽር የተገጠመለት የብርሃን መተንተኛ መሣሪያ ከመንደርደሪያው ሜዳ ዳር ተተክሎ አፉን ወደ ሞተሩ ጅራት ቢያዞር፥ አይሮፕላኑ ሳይቆም፥ ሞተሩም ሳይነካ፥ አብራሪውም ሳያውቅ በጢሱ ውስጥ ምን እንዳለ ያነብባል። ለናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፤ በአንድ ወገን መብራት፥ በሌላው ወገን መስተዋት ይተከልና ብርሃኑ በአይሮፕላኑ መሄጃ ላይ ተሻግሮ ሲመለስ፥ ጋዙ ከሰማያዊውና ከሐምራዊው ብርሃን የሰረቀው ድርሻ ይቆጠራል።

ጠያቂ ሰው እዚህ ላይ ሊል የሚችለው አለ፤ ጢሱ በነፋስ ይበተናል፥ ስፋቱና ውፍረቱ አይታወቅም፥ እንዴት አድርጎ በግራም ይለካል? መልሱ ያማረ ነው። አይሮፕላን የሚያቃጥለው ነዳጅ የላምባ ወገን ነው። የዚህ ነዳጅ አንድ ኪሎ ፈጽሞ ሲቃጠል 3 ኪሎ ከ160 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። (ከአንዱ ኪሎ ሦስት ኪሎ መውጣቱ አያስደንቅ፤ ነዳጁ ከአየሩ ኦክሲጅን ወስዶ ስለሚጨምር ነው።) ነፋስም ጢሱን ሲበትን ሁሉንም ጋዝ እኩል ይበትነዋል እንጂ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን አይወስድም። ስለዚህ መሣሪያው የካርቦን ሞኖክሳይድን ድርሻ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻ ጋር ካነጻጸረ፥ ከአንድ ኪሎ ነዳጅ ስንት ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደ ወጣ በቀላል ሒሳብ ይገኛል። የነፋሱን ኃይል ማወቅ አያስፈልግም፤ የጢሱን ስፋት ማወቅም አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል? ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ይዞ አይደለምን? ነው። ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም. በቺካጎ ከተሰበሰቡት 52 መንግሥታት አንዷ ሆና ካቆመችው ውል የተወለደው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፥ በውሉ አባሪ ላይ ለአይሮፕላን ሞተር ጢስ ልክ ካወጣ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ደንብ መሠረት ሞተሩ በመፈተኛ ማቆሚያ ላይ ታስሮ በአራት የኃይል ደረጃ ይነሣል፤ በ7፥ በ30፥ በ85 እና በ100 ከመቶ። አይሮፕላኑም በምድር ሲሄድና ሲጠብቅ 26 ደቂቃ፥ ለማረፍ ሲቃረብ 4 ደቂቃ፥ ሲወጣ 2.2 ደቂቃ፥ ሲነሣ 0.7 ደቂቃ ይፈጃል ተብሎ ይታሰባል። የሚገኘው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ አየር ተስተካክሎ ይጻፋል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ አንዱን ሞተር ከሌላው ጋር ለማወዳደርም ይጠቅማል። ነገር ግን አዲስ ሞተር በፋብሪካ ማቆሚያ ላይ የሰጠው ምስክርነት፥ ዓመታት ያገለገለው ሞተር በአንድ በታወቀ ሜዳ፥ በአንድ በታወቀ ማለዳ ለሚያደርገው ነገር ምስክር ሊሆን አይችልም። ልጅ በክርስትናው ቀን የነበረው ንጽሕና ለአርባ ዓመቱ ኑዛዜ አይበቃውም።

ይህን የተረዱ የጀርመን ተመራማሪዎች በክላውስ ሼፈር መሪነት ከላይ የተነገረውን የብርሃን መሣሪያ በአውሮፓ ታላላቅ ማረፊያዎች ዳር ተክለው በምድር ቆመው ሞተራቸውን ያስነሡትን አይሮፕላኖች መዘኑ። ውጤታቸውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ሲገልጹ፥ የ36 ዓይነት ሞተሮችን ካርቦን ሞኖክሳይድ፥ የ24 ዓይነት ሞተሮችን ናይትሮጂን ኦክሳይድ አግኝተው ነበር። በዝግታ የሚሠራው ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በዓለም አቀፉ መዝገብ ከተጻፈው ይበልጥ ነበር፤ ናይትሮጂን ኦክሳይዱ ግን ከተጻፈው ያንስ ነበር። ከሁሉም የሚያስደንቀው ሦስተኛው ነገር ነው፤ አንድ ስምና አንድ ቁጥር ያላቸው ሞተሮች እርስ በርሳቸው እጅግ ይለያዩ ነበር። ከዚህም ሌላ አይሮፕላኑ ቆሞ ሳለ መብራትና አየር የሚሰጠው በጅራቱ ያለው ትንሹ ሞተር ራሱን የቻለ ጢስ እንዳለው አብረው መዘኑ። መንገደኛው ሲወርድ፥ ጭነት አውራጁ ሲሠራ፥ ነዳጅ ቀጂው ሲቆም ከአጠገባቸው የሚሠራው ይህ ትንሹ ሞተር ነው። ፋብሪካው አልዋሸም፤ የሳይንስ ሰዎቹም አልከሰሱም፤ ነገር ግን መዝገቡና ሜዳው ልዩ ልዩ መሆናቸው ታወቀ።

ከአውሮፓ ሜዳዎች ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አይሮፕላን ያየችው በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ 12 ቀን፥ ፖቴዝ 25 የተባለው ባለ አንድ ሞተር በገፈርሳ ሜዳ ባረፈ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ታኅሣሥ 12 ቀን ተመሠርቶ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር ማረፊያው ልደታ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባለው ጄት ሲመጣ የልደታ ሜዳ ስላልበቃ ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። ያን ጊዜ ቦሌ ከከተማው ውጭ ያለ የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ ግን ቤቱ፥ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ከአጥሩ አጠገብ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠረፍ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ አይሮፕላኑ ክንፉ እስኪሸከመው ድረስ በረዥም ርቀት መንደርደር ይኖርበታል። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለውን ቁጥር ወስዶ የቦሌ ጢስ ይህን ያህል ነው ማለት፥ በቆላ የተሰፈረን እህል በደጋ ዋጋ መሸጥ ነው። ጢሱ ደግሞ በአጥሩ ውስጥ አይቀርም፤ በሎስ አንጀለስ ከተማ የተደረገውና በ2006 ዓ.ም. የወጣው ምርመራ እንዳሳየው፥ ከማረፊያው በነፋሱ መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ እንኳ የደቃቅ ጥላሸቱ ብዛት በዙሪያው ካለው አየር አራት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

ወደ ወሎ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ክፍተት ይታያል፤ ይህም ክፍተት በብዙ ሰው ዘንድ አይታወቅም። የቆቦ ሰው በአይሮፕላን ለመሄድ ቢፈልግ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ኮምቦልቻ መሄድ ያስፈልገዋል። ወደ እነዚህ ማረፊያዎች የሚመላለሰው ባለ ሁለት ተሽከርካሪ ክንፉ ዳሽ 8 ኪው 400 ነው፤ ሞተሩ ቱርቦፕሮፕ የሚባለው ወገን ነው። ከላይ የተነገረው ዓለም አቀፍ የጋዝ ልክ የሚጸናው ግን በጄት ሞተሮች ላይ፥ እነርሱም የመግፋት ኃይላቸው ከ26.7 ኪሎኒውተን በላይ በሆኑት ላይ ብቻ ነው። ቱርቦፕሮፕ ከዚህ ውጭ ነው። እንግዲህ በላሊበላ ሜዳ ቆሞ ሞተሩን የሚያስነሣው አይሮፕላን በዚያ አባሪ የጋዝ ልክ የወጣለት አይደለም፤ ለእርሱ የሚሆን ምስክር የሚገኘው በሜዳው ዳር የሚመዝነው ሲኖር ነው። ይህ አይሮፕላን ነዳጅ ቆጣቢ መሆኑ እውነት ነው፤ በቀን ወደዚያ የሚመጣውም ጥቂት ስለ ሆነ ጉዳቱ ትንሽ ሳይሆን አይቀርም። «ሳይሆን አይቀርም» ማለት ግን ቁጥር አይደለም።

ከሰማይ የሚመለከት መሣሪያም አለ። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት 3 ቀን የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ወደ ላይ የላካት ሳተላይት፥ ትሮፖሚ የተባለውንና የኔዘርላንድ ሰዎች የሠሩትን መሣሪያ ተሸክማ ከምድር 824 ኪሎ ሜትር ከፍ ብላ ትዞራለች። በየቀኑ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ በራያ ላይ ስታልፍ፥ ከቆቦ ምድር ተመልሶ የሚወጣውን የፀሐይ ብርሃን ተንትና በአየሩ ውስጥ ያለውን የናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ብዛት ትመዘግባለች፤ መዝገቧም ለማንም ሰው ያለ ዋጋ ክፍት ነው። ከቆቦ ሰዎች ብዙዎቹ በየዕለቱ በዚህ መሣሪያ እንደሚመዘኑ አያውቁም። ነገር ግን የዚህች ሳተላይት ዓይን በአንድ ጊዜ የሚያየው ትንሹ ቦታ 5.5 ኪሎ ሜትር በ3.5 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ የአይሮፕላኑ፥ የመኪናው፥ የሚቃጠለው ገለባና ማዳበሪያ የተጣለበት እርሻ ሁሉ ይቀላቀላል። ከተማን ለማየት ትበቃለች፤ ሞተርን ለማየት አትበቃም። በምድር የሚተከለውን መሣሪያ ታግዘዋለች እንጂ አትተካውም።

እዚህ ላይ ስለ እውነት የሚገባ አንድ ቃል መናገር ያሻል። በቆቦ ሜዳ ላይ በከፍታ የሚያልፍ አይሮፕላን የገበሬውን ማሽላ ያቃጥላል ወይም ዝናሙን ይሰርቃል የሚል ወሬ አንዳንድ ጊዜ ቢሰማ መሠረት የለውም። በዚያው ሜዳ ያለች ሴት እንጀራ ስትጋግር ከምድጃዋ የምትስበው ጢስ ከሰማይ ሊደርስባት ከሚችለው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እጅግ ይበልጣል። መመዘን የሚጠቅመው ጥፋተኛውን ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ያልበደለውን ከሐሜት ለማውጣትም ነው። ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ይህን ቢያስቡት፥ መሣሪያውን እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ ዳኛ ረዳት አድርገው በተቀበሉት ነበር።

መመዘኛን የራስ ማድረግ ለምን እንደሚያስፈልግም የቅርብ ጊዜ ነገር ያስተምራል። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የደቃቅ አቧራና የጥላሸትን መጠን በየሰዓቱ እየመዘነ ለሕዝብ ይገልጽ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች በዚሁ ቁጥር ሠርተውበታል። በ2017 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዓለም ሁሉ ካሉት ኤምባሲዎቹ የሚወጣውን ይህን ቁጥር ማሠራጨት አቆመ። በተውሶ ሚዛን የሚነግድ ሰው ባለቤቱ ሚዛኑን ሲወስድበት ገበያው ይዘጋል።

ይህ ሁሉ አሁን የሚነገርበት ምክንያት አለ። ቦሌ ስለ ጠበበ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ ሌላ ታላቅ የአይሮፕላን ማረፊያ እንዲሠራ ተወስኗል። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከዳር አል ሐንደሳ ኩባንያ ጋር የንድፉ ውል ተፈርሟል፤ በ2018 ዓ.ም. ጥር ወርም የግንባታው ሥራ ተጀምሯል። ሥራው ሁሉ ሲፈጸም በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ ነው። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ አይሮፕላኖቹ ጭነት ይዘው ለመነሣት ይቀልላቸዋል፤ ይህ ለነዳጁም ለጢሱም መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ዙሪያ ገበሬ አለ፤ የቢሾፍቱ ከተማ አለ፤ ሐይቆቹና የአበባ እርሻዎቹም አሉ። ከዚህ በኋላ ሃያ ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው በዚያ አገር የሳል በሽታ በዝቷል ቢል፥ ሌላው ደግሞ ከጥንቱም እንዲሁ ነበር ብሎ ቢመልስ፥ ሁለቱን የሚዳኝ ምን ይኖራል? ሊዳኝ የሚችለው የመጀመሪያው አይሮፕላን ከማረፉ በፊት በአቡሴራ አየር ውስጥ የነበረው ነገር ተመዝኖ የተጻፈ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህ መመዘን የሚቻልበት ጊዜ አሁን ነው፤ ሜዳው ከተከፈተ በኋላ ይህን መዝገብ በማንኛውም ገንዘብ መግዛት አይቻልም። ያው የቆረም ነገር ነው፤ አየሩ ነፍሷል።

የብርሃን መተንተኛው መሣሪያ ዋጋው ከባድ ነው፤ የሚያነብበውም የተማረ ሰው ይፈልጋል። አንድ ሆኖ ከቦሌ ወደ አቡሴራ፥ ከአቡሴራም ወደ ላሊበላና ወደ ኮምቦልቻ በመኪና እየተጫነ በየወቅቱ ቢመዝን ግን የአገሪቱን ማረፊያዎች ሊያዳርስ ይችላል። ሠራተኛውም ከዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍሎች ይገኛል፤ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሜዳውን በር ቢከፍትላቸውና የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የነፋሱን ቁጥር ቢሰጣቸው፥ ከእንግዳ አገር ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚወጣው ቁጥር በማኅደር ተቆልፎ እንዳይቀር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሕዝብ የሚገለጽበት ደንብ ሊጻፍለት ይገባል፤ ተመዝኖ የተሸሸገ ካልተመዘነ በምንም አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል።

መሣሪያው እስኪመጣ ድረስም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት በአሜሪካ የተገኘ፥ የጣት ያህል ርዝመት ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ አለ። በላይኛው ጫፉ የናይትሮጂን ዳይኦክሳይድን የሚይዝ መድኃኒት የተነከረ ወንፊት ተደርጎበታል፤ የታችኛው ጫፉ ክፍት ነው። መብራት አይፈልግም፤ ሞተር የለውም፤ ዋጋውም ጥቂት ነው። በእንግሊዝ አገር የከተማ አስተዳደሮች በየመንገዱ ምሰሶ ላይ በብዛት ይሰቅሉታል። አንዱ በላሊበላ ማረፊያ አጥር ላይ፥ አንዱ በኮምቦልቻ፥ ሦስተኛው ደግሞ አይሮፕላን በማያርፍባት በቆቦ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ለማነጻጸሪያ ቢሰቀል፥ የዝናሙን መስፈሪያ በየማለዳው የሚያነብበው ሠራተኛ ይህንም አብሮ ሊጠብቀው ይችላል። ከአራት ሳምንት በኋላ ቱቦው ይወርዳል፤ ክዳኑ ይገጠማል፤ የተሰቀለበትና የወረደበት ቀንና ሰዓት በላዩ ይጻፍና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።